ከሠልጣኙ በአንድ ዓመት የሚበልጥ አሠልጣኝ

ኦክቶበር 7 ቀን 2023፣ ሰንበትና የሲምሐት ቶራ በዓል በአንድ ቀን በዋሉበት ጠዋት፣ የሐማስ ታጣቂዎች ዚኪም በሚባለው የጦር ሠፈር ላይ ጥቃት ከፈቱ። ዚኪም ከጋዛ ሰርጥ በስተሰሜን፣ ከአሽቀሎን ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የማሠልጠኛ ሠፈር ነው። በዚያ ሰዓት በውስጡ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ጠመንጃ አያያዝ ገና በመማር ላይ ያሉ አዲስ ምልምሎች፣ በዕብራይስጡ አጠራር ቲሮኒም ነበሩ። አዛዦቻቸው ምልምሎቹን ወደ መጠለያ አስገቡና እነሱ ውጭ ቀርተው ተዋጉ። ከአዛዦቹ መካከል የሞቱ አሉ፤ ከሞቱትም ውስጥ ወጣት ሴቶች ይገኙበታል።

የዚያን ቀን የሞቱት አዛዦች በሠራዊቱ ቋንቋ ተራ የሚባል ሥራ የነበራቸው ናቸው። ከአንድ ቀን በፊት ሥራቸው ምልምሎችን በሰዓት ማስነሣት፣ አልጋ በሥርዓት መነጠፉን ማየት፣ ውሃ መጠጣቱን መቆጣጠር፣ ጠመንጃ ሲፈታና ሲገጠም መመልከት ነበር። ከአገር ውጭ ተወልዶ ያደገ ሰው «የወታደር አሠልጣኝ» ሲባል የሚመጣበት ምስል ከነዚህ ልጆች ጋር አይገጥምም።

በኢትዮጵያ ያደጉ አረጋውያን የሚያስታውሱት አሠልጣኝ ሌላ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። በወረቀት ላይ የነበረው ይህ ነው፤ በገጠር የደረሰው ግን አፈሳ ነበር። ልጁ ከገበያ ወይም ከመንገድ ላይ ይያዛል፣ ወላጅ የት እንደገባ አያውቅም። ማሠልጠኛው ሲደርስ የሚጠብቀው አሥር አለቃ ወይም ሃምሳ አለቃ፣ በዕድሜ የበሰለ፣ ጦርነት ያየ ሰው ነው። «ተጠንቀቅ!» ሲል መላው ሜዳ ይደርቃል። ያ አሠልጣኝ የልጁን እናት ቤት መጥቶ ይጎበኛል፣ ቡና ይጠጣል፣ «ልጅዎ እንዴት ነው እቤት?» ብሎ ይጠይቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

በእስራኤል ሠራዊት፣ በጻሃል፣ ይህ ይሆናል። መሆኑ ብቻ ሳይሆን የአሠልጣኙ የሥራ ግዴታ አካል ነው። ዛሬ የልጅ ልጁን ወደ ጦር ሠፈር የሚሸኝ አያት ሊያውቀው የሚገባው ዋና ጉዳይም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በሥልጠናው ወራት በሠራዊቱና በቤተሰቡ መካከል ያለው ድልድይ አንድ የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ነው።

ይህ ልጅ «ማክ» ይባላል፤ ሴት ከሆነች «ማኪት»። የቃሉ ትርጉም የክፍል አዛዥ ማለት ነው። ማክ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ምልምሎችን ይይዛል። ከእሱ በላይ «ሳማል» የሚባለው የሻለቃው ሳይሆን የመቶው ሥርዓት ጠባቂ አለ፤ ከዚያ በላይ «ሜም-ሜም»፣ መኮንኑ የመቶ አዛዥ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «ሜም-ፔ»፣ የሻምበል አዛዡ። ምልምሉ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያየው ማኩን ነው።

ጻሃል ሙያቸው ማሠልጠን ብቻ የሆነ፣ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሥራ የሚቆዩ አሠልጣኞች የሉትም ማለት ይቻላል። ማክ የሚሆነው ትናንት ራሱ ቲሮን የነበረ ነው። በእግረኛ ጦር አዲስ ወታደር መሠረታዊውን ሥልጠና፣ ቲሮኑትን፣ በ4 ወር ገደማ ይጨርሳል፤ ከዚያ የላቀ የሚባለውን ሥልጠና ይቀጥልና በረጅሙ የእግር ጉዞ፣ በማሳ ኩምታ፣ የብርጌዱን ቆብ ይቀበላል። አዛዦቹ ጎበዝ ያሉት ወደ ክፍል አዛዦች ኮርስ ይላካል። የእግረኛው ጦር ኮርስ የሚሰጠው ቢስላማህ በሚባለው፣ በኔጌቭ በየሩሓም አቅራቢያ ባለው ትምህርት ቤት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ አዲስ ምልምሎች ፊት ይቆማል። ውጊያ በሌለባቸው የሥራ መስኮች መንገዱ የበለጠ አጭር ነው፤ ብዙ ልጃገረዶች የራሳቸውን ቲሮኑት እንደጨረሱ ወደ ኮርሱ ስለሚገቡ፣ ማኪት ሆነው ሲመለሱ ከምልምሎቻቸው የሚበልጡት በወራት ነው።

ቢስላማህ ትምህርት ቤት ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። ኦክቶበር 16 ቀን 2024 በራፋህ የሐማሱን መሪ ያህያ ሲንዋርን የገደለው ኃይል ከዚሁ ትምህርት ቤት ብርጌድ፣ ከ828ኛው የወጣ ነበር። አዛዥ ለመሆን የሚማሩ ወታደሮች ከትምህርታቸው ተነሥተው ጋዛ ገብተው ነበር። ጦርነቱ በማሠልጠኛውና በግንባሩ መካከል የነበረውን አጥር እንዲህ አድርጎ አፍርሶታል።

ሌላው ዓለም በዚህ መንገድ አይሄድም። በዓለም ዘንድ ስሙ የገነነው አሠልጣኝ የአሜሪካው የባሕር ኃይል እግረኛ፣ የማሪን አሠልጣኝ ነው፤ በፊልም ያላየው ሰው ጥቂት ነው። ሰፊ ክብ ባርኔጣ አድርጎ፣ አፍንጫው ከምልምሉ አፍንጫ ሊነካ እስኪል ቀርቦ የሚጮኸው ሰው። ይህ ሰው ልጅ አይደለም። ለዓመታት ያገለገለ፣ በማዕረግ ያደገ፣ ተመርጦ ለወራት በልዩ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። የማሪን ሥልጠና 13 ሳምንት ይወስዳል፤ በነዚህ ሳምንታት ምልምሉ «እኔ» ማለት እንኳ አይፈቀድለትም። ውሃ መጠጣት ሲፈልግ «ይህ ምልምል ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ ይጠይቃል» ይላል። ዓላማው ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን «እኔ» አውልቆ፣ ከጓዶቹ ጋር አንድ አካል እንዲሆን ነው።

ይህ ልማድ የት ሊያደርስ እንደሚችል አሜሪካኖች በከባድ ዋጋ ተምረዋል። ኤፕሪል 8 ቀን 1956 ማታ፣ በደቡብ ካሮላይና በፓሪስ አይላንድ ማሠልጠኛ፣ ማቲው ማክኪዮን የተባለ አሠልጣኝ ሥርዓት ላስተምራቸው ብሎ ምልምሎቹን በጨለማ ሪበን ክሪክ ወደሚባል፣ ከባሕር ጋር ውሃው ወደሚሞላና ወደሚጎድል ረግረጋማ ወንዝ ነዳቸው። 6 ልጆች ሰጠሙ። ማክኪዮን በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ቅጣቱ በመጨረሻ ወደ 3 ወር እስርና ማዕረግ መገፈፍ ዝቅ ተደረገለት። ጉዳዩ ግን አገሪቱን አናወጠ። ከዚያ በኋላ መኮንኖች አሠልጣኞችን በቅርብ እንዲቆጣጠሩ ተደረገ። የሚገርመው፣ ዛሬ የአሠልጣኝ አስፈሪነት ምልክት የሆነው ሰፊ ባርኔጣ ለማሪን አሠልጣኞች የተሰጠው በዚያው በ1956፣ ከአደጋው በኋላ በተደረገው ለውጥ ነው። የተሰጠውም ሥራው ክብርና ኃላፊነት እንዳለበት እንዲታወቅ ተብሎ ነበር።

የአሜሪካ ምድር ጦር ደግሞ በ2020 ለእግረኛ ምልምሎች ሲያደርግ የቆየውን አንድ የቆየ ልማድ ተወ። ምልምሎቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አሠልጣኞች ከየአቅጣጫው ከበው የሚጮኹበት፣ «የሻርክ ጥቃት» የሚባለው አቀባበል ነው። የተወበትን ምክንያት ጦሩ ሲናገር፣ ያ ጩኸት ምልምሉ በአሠልጣኙ ላይ እምነት እንዳያድርበት ያደርጋል አለ። እነዚህ ቃላት ከመቶ ዓመት በፊት ቢነገሩ ሳቅ ያስነሡ ነበር።

ጻሃል ከዚህ ሁሉ የራሱን መንገድ ይዟል፤ የመንገዱም ስም «ዲስታንስ» ነው። ቃሉ ርቀት ማለት ነው። በቲሮኑት ጊዜ ማኩ የመጀመሪያ ስሙን ለምልምሎቹ አይናገርም። ፈገግ አይልም፣ ዕድሜውን አይገልጽም፣ ከየት ከተማ እንደመጣ አያወራም። ምልምሉ ሲጠራ «ኬን፣ ሃመፋኬድ!»፣ ሴት ከሆነች «ኬን፣ ሃመፋኬዴት!» ብሎ ይመልሳል፤ አዎ አዛዥ ማለት ነው። ክፍሉ ሲሰበሰብ «ሔት» በሚለው የዕብራይስጥ ፊደል ቅርፅ፣ በሦስት ጎን ይሰለፋል፤ ማኩ ክፍት በሆነው አራተኛው ጎን ላይ ይቆማል። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ «እዚያ ዛፍ ደርሳችሁ ለመመለስ 30 ሰከንድ አላችሁ» ይላል። ምልምሎቹ ይሮጣሉ። ካልደረሱ ይደገማል። አንዱ ብቻ ቢዘገይ ሁሉም ይደግማሉ።

ይህን ከውጭ ያየ ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስለዋል፤ ብዙ ምልምሎችም በመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያ ነው የሚያስቡት። ነገሩ ግን ሰከንድ መቁጠር የተባለው ለዛፉ ሲባል አይደለም። በእሳት ውስጥ አዛዡ «ተንቀሳቀስ» ሲል፣ ወታደሩ ቆም ብሎ «አሁን ለምን?» እያለ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። በዚኪም የነበሩት ምልምሎች ወደ መጠለያው ግቡ ሲባሉ ገቡ። ይህን ያህል ነው የሥልጠናው ትርጉም፤ ከዚህ በላይ ቢያጋንኑት ትክክል አይሆንም።

ርቀቱ ደግሞ መጨረሻ አለው። በሥልጠናው ማብቂያ «ሽቪራት ዲስታንስ» የሚባል ነገር ይደረጋል፤ ርቀቱን መስበር ማለት ነው። ማኩ አንድ ቀን ይመጣና ስሙን ይናገራል። ከየት እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚወድ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ያወራል። ምልምሎቹ ለወራት ሲንቀጠቀጡለት የነበረው ሰው የ19 ዓመት ልጅ መሆኑን ሲሰሙ አብዛኛውን ጊዜ በሳቅ ይፈርሳሉ። ቡዳደን ይጀምራል፣ አንዳንዴ ውሃ መራጨት ይከተላል። ይህ ልማድ በሌሎች አገሮች ሠራዊት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ምክንያቱም የአሜሪካው አሠልጣኝ በምልምሉ ዘንድ አሠልጣኝ ሆኖ ሲኖር፣ እስራኤላዊው ማክ ግን ነገ ከዚያው ልጅ ጋር አንድ ታንክ ውስጥ፣ አንድ ሚሉኢም ጥሪ ላይ ሊገናኝ ይችላል። ርቀቱ ተገንብቶ እንደገና መፍረስ ያለበት ለዚህ ነው።

ሥልጣኑም ወሰን አለው። ማክ ምልምልን መምታት አይችልም፤ ልብሱን ወይም መሣሪያውን ለማስተካከል እንኳ ሊነካው ሲፈልግ አስቀድሞ ይጠይቃል። ምልምል በተለመደው ቀን የ6 ሰዓት እንቅልፍ መብት አለው፤ በሜዳ ልምምድ ቀናት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። በቀን የራሱ የሆነ አንድ ሰዓት አለው፤ በዚያ ሰዓት ነው ስልኩን አንሥቶ ወደ ቤት የሚደውለው። ማኪቷ የዓርብ መውጫ ሰዓቱን ልታዘገይበት፣ ትርጉም ያለው ተጨማሪ ሥራ ልትሰጠው ትችላለች። ወደ እስር ቤት የሚያደርስ ፍርድ መፍረድ ግን አትችልም፤ ያ የመኮንኖች ሥልጣን ነው። ለማስተማር ሳይሆን ለማዋረድ የሚደረገው ማንከራተት «ቲርቱር» ይባላል፤ የተከለከለ ነው። ነባር ወታደሮች አዲሱን የሚያሠቃዩበት «ዙቡር» ደግሞ ወንጀል ነው፤ ይህኛው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከማኩ ሳይሆን ምልምሉ ወደ ክፍሉ ከተመደበ በኋላ ነው። በደል የደረሰበት ወታደር፣ ወይም ቤተሰቡ፣ ለወታደሮች አቤቱታ ኮሚሽነር፣ ለ«ኔጺቭ ኬቪሎት ሃያሊም» መጻፍ ይችላል። ይህ ቢሮ በ1972 ሲቋቋም የመጀመሪያው ኮሚሽነር የቀድሞው የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሓይም ላስኮቭ ነበር። ሥልጣኑ ከማኩም ከሻምበሉ አዛዥም ሰንሰለት ውጭ መሆኑ ነው ጥቅሙ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥርዓት ለማንኛውም ልጅ አንድ ነው። ከኢትዮጵያ ከመጣ ቤት የወጣ ልጅ ዘንድ ሲደርስ ግን ሥርዓቱ የማያያቸው ጉድጓዶች አሉ።

አንደኛው ዓይን ነው። ታላቅ ሲናገር ዓይንን ዝቅ ማድረግ በኢትዮጵያ ቤት ጨዋነት ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ መስማት ድፍረት ነው። ማኩ ደግሞ «ስናገርህ እየኝ!» ይላል። ልጁ ዓይኑን ሲሰብር፣ በሌላ ቤት ያደገው የ19 ዓመት አዛዥ «ይህ ልጅ የሚደብቀው ነገር አለ» ወይም «ግድ የለውም» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። እዚህ አገር ተወልደው ባደጉ የልጅ ልጆች ዘንድ ይህ ቀንሷል። አልጠፋም።

ሁለተኛውና የከበደው ዝምታ ነው። ማክ በሥልጠናው መጀመሪያ ቀናት እያንዳንዱን ምልምል ለብቻው ተቀምጦ ያነጋግራል። ቤት ማን አለ? አባት ይሠራል? ደመወዝ ይበቃል? በሌላ ቤት ያደገ ልጅ አፉን ከፍቶ ይዘረዝራል። ከኢትዮጵያ ቤት የወጣው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ «ሃኮል ቤሴዴር»፣ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይዘጋዋል። አባቱ ከሥራ ከወጣ 2 ዓመት ቢሆነውም፣ የቤት ኪራይ ያልተከፈለ ቢሆንም፣ ታናናሾቹን የሚያበላው እሱ የትርፍ ጊዜ ሥራ እየሠራ ቢሆንም፣ ገመና ለባዕድ አይነገርም። ማኩም ወረቀቱ ላይ «ችግር የለም» ብሎ ይጽፋል።

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ቅዳሜ ማታ ወደ ሠፈር አይመለስም። ሥራ ገብቷል። በሠራዊቱ አጠራር መጀመሪያ «ኒፍካድ»፣ የጎደለ ይሆናል፤ ቀኑ ሲረዝም «አሪክ»፣ ከሠራዊት የከዳ ይባላል፤ መጨረሻው እስር ቤት ነው። የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ወጣቶች በወታደራዊ እስር ቤት ከቁጥራቸው ጋር በማይመጣጠን ብዛት መገኘታቸው ለዓመታት በክኔሴትም በመንግሥት ሪፖርቶችም ሲነገር የኖረ ነው፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው ከቤት ችግር የተነሣ መቅረት መሆኑ ደጋግሞ ተጠቅሷል። ይህ የሆነው ለመዝመት ካለመፈለግ አይደለም። የማኅበረሰቡ ወንዶች ወደ ሠራዊት የሚገቡበት መጠን ከአገሪቱ ጠቅላላ አማካይ ከፍ ያለ ነው። ወደ ሠራዊቱ ለመግባት የሚቸኩለው ልጅ ከሠራዊቱ እስር ቤት የሚገኝበት ምክንያት መፈለግ ያለበት በነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ውይይት ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው የቤት ጉብኝቱ፣ «ቢኩር ባይት»፣ ትልቅ ነገር የሆነው። አዛዥ፣ አንዳንዴ ማኩ ራሱ፣ አንዳንዴ ሜም-ሜሙ፣ የወታደሩን ቤት ይጎበኛል። ጉብኝቱ ለምርመራ አይደለም፤ ልጁ ተኝቶ የሚነሣበትን ቤት ለማየት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ እንግዳ መጣ ተብሎ ቤቱ ይጸዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የተበደረ ወንበር ይቀርባል። ልጁ መሃል ቆሞ ያስተረጉማል፤ የሚያስተረጉመውም የሚፈልገውን ብቻ ነው። አዛዡ ሲወጣ የሞላ ቤት፣ የተከበረ እንግዳ፣ ደስተኛ ቤተሰብ አይቶ ይወጣል። ያየውም ይህን ስለሆነ ሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ለእንግዳ ክብር ሲባል የተደረገው ሁሉ በልጁ ላይ ተመልሶ ይወድቃል።

ሠራዊቱ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። ስሙ «ታሽ» ነው፤ የአገልግሎት ሁኔታ ማለት ነው። በየክፍሉ ለታሽ የተመደበች ወታደር፣ «ማሻኪት ታሽ»፣ አለች። ቤተሰቡ የተቸገረ ወታደር በወር የገንዘብ ድጋፍ ሊያገኝ፣ በፈቃድ ቀኑ ከሠራዊቱ ውጭ እንዲሠራ የሥራ ፈቃድ ሊሰጠው፣ ወደ ቤቱ የቀረበ ምደባ ሊፈለግለት ይችላል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሥርዓት ያወጣለት መብት ነው፣ የራሱ ቅጽ አለው። ነገር ግን ማሻኪቷ የምታየው ማኩ የላከላትን ነው። ማኩ ያልሰማውን አይልክም።

ሠራዊቱ ጥሩ አሠልጣኝ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅበት አንድ ቦታ አለው ቢባል፣ በታችኛው ገሊላ ያለው ሓቫት ሃሾሜር ነው። ራፋኤል ኤይታን፣ ራፉል፣ ከ1978 እስከ 1983 የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሆኖ ሳለ፣ በትምህርት ወይም በቤት ችግር ወይም በፖሊስ ፋይል ምክንያት ሠራዊቱ የማይቀበላቸውን ወጣቶች እንዲቀበል አደረገ። «የራፉል ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። በሓቫት ሃሾሜር እነዚህን ልጆች የሚያሠለጥኑት አዛዦች አብዛኞቹ ልጃገረዶች ናቸው። ከመንገድ የመጣ፣ ማንንም የማይፈራ ጎረምሳ ፊት የ19 ዓመት ልጃገረድ ትቆማለች። በጉልበት ልታሸንፈው አትችልም፤ ጩኸትም እሱ ከቤቱ የለመደው ነገር ነው። የምትሠራው ሌላ ነው፤ ሲጠፋ ደውላ ትፈልገዋለች፣ ቤቱ ትሄዳለች፣ ነገ ጠዋት እንደገና ትመጣለች። ዲስታንሱ እዚያም አለ፤ ከጀርባው ግን ቤቱን የሚያውቅ ሰው አለ። ይህ አሠራር ለ«አስቸጋሪ» ልጆች ብቻ ተብሎ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነው። ዝምተኛውና ጨዋው ልጅ፣ ከማንም ጋር የማይጣላው፣ እንዲህ ያለ አዛዥ አይላክለትም፤ ምክንያቱም ማንም አስቸጋሪ ነው አላለውም።

ይህ ሁሉ አሁን በጥድፊያ ውስጥ ገብቷል። በ2025 የሠራዊቱ የሰው ኃይል ባለሥልጣናት 12,000 ያህል ወታደር እንደሚጎድል ለክኔሴት ተናግረዋል፤ ከዚህ አብዛኛው ተዋጊ ነው። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ጁን 25 ቀን 2024 በ9 ዳኞች ሙሉ ድምፅ የሃሬዲ የየሺቫ ተማሪዎችን አለመመልመል ሕጋዊ መሠረት የለውም ብሎ ወስኗል፤ ፖለቲካው እስከ ዛሬ በዚያ ላይ ይናወጣል። በጃንዋሪ 2025 ለሃሬዲዎች የተቋቋመው የሓሽሞናይም ብርጌድ የመጀመሪያ ምልምሎቹን ሲቀበል፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት አሠልጣኞቹ ሁሉ ወንዶች እንዲሆኑ ተደረገ። ክርክሩ ሁሉ ስንት ሰው ይገባል የሚለው ላይ ነው። የሚገባውን ማን ይቀበለዋል የሚለው ግን ብዙም አይነሣም። ብዙ ምልምል ብዙ ማክ ይፈልጋል፤ ጥሩ ማክ ደግሞ በጥድፊያ አይወጣም። ጦርነቱ ልምድ ያላቸውን ወጣት አዛዦች ገድሏል፣ አቁስሏል፣ የቀሩትንም አድክሟል። ከጋዛ ወይም ከሊባኖስ በቀጥታ ተመልሶ 12 ምልምሎች ፊት የሚቆም ልጅ የራሱን እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው። የእሱን «ደህና ነኝ» ማን እንደሚጠይቅ ሠራዊቱ ሊያስብበት ይገባል።

ከኢትዮጵያ ቤት የወጡ ማኮችና ማኪቶች ዛሬ በየማሠልጠኛው አሉ። ዓይኑን ዝቅ ያደረገውን ልጅ ሲያዩ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ይሁን እንጂ አንድ ልጅ ከእነሱ ጋር መመደቡ የዕድል ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ልጅ የሚያገኘው ከሃይፋ ወይም ከሞሻቭ የመጣ፣ ቅን ልብ ያለው፣ የቡናን ሥርዓት የማያውቅ አዛዥ ነው።

ስለዚህ ጉብኝቱ ሲመጣ የቤቱ ታላቅ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ቡናው ይፈላ፤ ዳቦውም ይቆረስ። ቋንቋ ካስቸገረ ግን አስተርጓሚው ወታደሩ ራሱ ባይሆን ይመረጣል፤ ሌላ ልጅ፣ የእህት ልጅ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቢገኝ ይሻላል። የቤት ኪራዩ፣ የመብራቱ ዕዳ፣ የአባት ሕመም፣ ልጁ ከሠራዊት በፊት ለቤቱ ምን ያህል ያስገባ እንደነበር፣ እነዚህ በአኃዝ ይነገሩ። የብሔራዊ መድን ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ ካለ ከመሳቢያው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የ19 ዓመቱ እንግዳ በዓይኑ ሲያየው ይጽፈዋል፤ ለመጻፍም ነው የመጣው።

ይህም ቲሮኑቱ ሳያልቅ ቢሆን ይመረጣል። ሥልጠናው ሲያልቅ ዲስታንሱ ይሰበራል፣ ማኩ ስሙን ይናገራል፣ ልጁም ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ክፍልና ወደ ሌላ አዛዥ ያልፋል። አዲሱ አዛዥ ልጁን የሚያውቀው ከፋይሉ ነው።